ድምፁ ዜሮ ላይ ነው፦ የጌም ሙዚቃ ለምን ሆድ ያባባል?

ደብረ ማርቆስ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ አንድ ጌም ቤት አለ። በሩ ላይ የደበዘዘ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት የፕላስቲክ ወንበርና ተራ ለሚጠብቁ አንድ አግዳሚ አለ። ጆይስቲኮቹ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ኳስ በጨዋታ ይከፈላል፣ ሌላው ጌም በሰዓት። ባለቤቱ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከኪሱ አያወጣም። ድምፁ ሁልጊዜ ዜሮ ላይ ነው።

ምክንያት አለው። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ስለሆኑ ድምፃቸው ይጋጫል። ጎረቤት ይቆጣል። የኳሱ ኮሜንታተር የሚለፈልፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በራሱ ስፒከር የራሱን ዘፈን ይከፍታል። ሜሲ በባህል ዘፈን እየታጀበ ያገባል።

«ድምፁን ትንሽ ብትከፍተውስ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ለምን? ኳሱ ይታያል አይደል እንዴ!»

ልክ ነው፣ ኳሱ ይታያል። ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በማርቆስም፣ በባሕር ዳርም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በእንጅባራም ጌም ቤት ሞልቷል። ልጆቻችን ጌም ያውቃሉ። የጌም ሙዚቃ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ወላጅ ስለ ጌም ቤት ሲያወራ ስለሚባክነው ሰዓትና ስለሚቀረው ትምህርት ነው የሚያወራው፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። ጌም ሰውን ከሚይዝበት ገመድ አንዱ፣ ምናልባትም ወፍራሙ፣ ጆሮ ነው። እኛ ደግሞ ይሄንን ገመድ በሪሞት ቆርጠን ነው የምንጫወተው።

ከፊልም ጋር ላወዳድረው። ፊልም ላይ ሙዚቃው አስቀድሞ ተለክቶ ተቆርጧል። ጀግናው በ40ኛው ደቂቃ ከሞተ ቫዮሊኑ የሚያለቅሰው በ40ኛው ደቂቃ ነው። አንተ ሶፋው ላይ ተቀመጥክ፣ ሻይ ልታፈላ ሄድክ፣ ለውጥ የለውም። ጌም ላይ ይሄ አይሠራም። ተጫዋቹ በሩን አሁን ይከፍተዋል ወይስ ከሩብ ሰዓት በኋላ? አቀናባሪው አያውቅም። ስለዚህ ሙዚቃው ተጫዋቹን ማየት፣ መጠበቅና መከተል አለበት።

ይሄን የሚያደርግ ሰው እናውቃለን። ጥሩ አዝማሪ ግጥሙን ጨርሶ ይዞ አይመጣም። ማን እንደገባ፣ ማን ሞቅ እንዳለው፣ የትኛው ጥግ ላይ ማን እንደተከፋ አይቶ ነው ማሲንቆውን የሚያነሳው። ስምህን ሲጠራ ጆሮህ ይቆማል። ለአንተ ስለሆነ።

ነገሩ የተጀመረው በጣም በትንሽ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 (ከዚህ በታችም «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቱ የፈረንጅ ነው) ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስፔስ ኢንቬደርስን አወጣ። የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነው። ከላይ ጠላት ይወርዳል፣ አንተ ከታች ሆነህ ትተኩሳለህ። ሙዚቃ ብለን ከጠራነው አራት ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ወደ ታች ይወርድና እንደገና ይጀምራል። ጨዋታው እየከበደ ሲሄድ ያው አራት ድምፅ ይፈጥናል። ሌላ የተጨመረ ነገር የለም። የተጫዋቹ እጅ ግን ያልበዋል፣ ልቡም አብሮ ይሮጣል።

አራት ድምፅ እንዴት ይሄን ያህል ያደርጋል? ማኅሌት ያደረ ሰው አይገርመውም። ሌሊቱ በዝግታ ነው የሚጀምረው። ዝማሜው ላይ ድምፅና መቋሚያ ብቻ ነው፤ መቋሚያው እንደ ስንዴ ማሳ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ቀጥሎ ጸናጽሉ ይገባል። መረግዱ ላይ ከበሮው ይመጣል። ጽፋቱ ላይ ሲደርስ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ ከበሮ መቺው ከወዲያ ወዲህ ይላል፣ እንቅልፍ ሲጥለው የነበረው ሽማግሌ ሳይቀር ቀና ይላል። ቃሉ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያው ቃል ነው። የተለወጠው ፍጥነቱና በላዩ የተደረበው ነው። ቅዱስ ያሬድንና ስፔስ ኢንቬደርስን በአንድ አንቀጽ ማንሳቴ ቅር የሚያሰኘው ሊኖር ይችላል። ክብራቸው እኩል ነው አላልኩም። የሰው ጆሮ አንድ ነው እያልኩ ነው።

የዛሬ ባለሙያዎች ሥራውን በሁለት መንገድ ይሠሩታል። አንዱ ሙዚቃውን አጭር አጭር አድርጎ ቆርጦ እንደ ሁኔታው መቀጣጠል ነው። በ1998 ኒንቴንዶ ያወጣው ዜልዳ፣ ኦካሪና ኦፍ ታይም የሚባለው፣ ሰፊ ሜዳ አለው። የሜዳው ሙዚቃ ከቁርጥራጮች የተሠራ ነው። ዝም ብለህ ስትቆም ረጋ ያለው ቁራጭ ይመጣል፤ ጠላት ሲቀርብ የሚያስፈራው። ያቀናበረው ኮጂ ኮንዶ ነው። ከእሱ በፊትም በ1991 ሉካስ አርትስ ውስጥ ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል አንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ስፌቱ ሳይታይ እንዲሻገር የሚያደርግ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትገባ ሙዚቃው ቋ ብሎ አይቆረጥም፣ ይሸጋገራል።

ሁለተኛው መንገድ ድርብርብ ነው። ከበሮው ለብቻ፣ ክራሩ ለብቻ፣ ድምፁ ለብቻ ይቀረፅና ሁሉም አብረው ይሮጣሉ። ጌሙ እንደ ሁኔታው አንዱን ይከፍታል፣ ሌላውን ይዘጋል። ይሄኛውን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያኑ ያው ነው፣ መሪጌታውም ያው ነው፣ አንድ ድርብ ብቻ ተነስቷል። ከዚያ የትንሣኤ ሌሊት ይመጣል። ከበሮው አንድ ጊዜ ሲመታ እናቶች እልል ይላሉ፣ ዓይን ያቀርራል። ከበሮ ሰምተው ስለማያውቁ አይደለም። 55 ቀን ስለተነፈጉት ነው።

የጌም አቀናባሪ የሚሠራው ይሄንኑ ነው። ይነፍግሃል፣ ከዚያ ይሰጥሃል። ሬዚደንት ኢቭል የሚባለው አስፈሪ ጌም ይሄን አሳምሮ ያውቃል። በ1996 ሲወጣ ጀምሮ ሴቭ የምታደርግባቸው ክፍሎች የራሳቸው ለስለስ ያለ ሙዚቃ አላቸው። ኮሪደሩ ላይ ስትንቀጠቀጥ ቆይተህ ያንን በር ስትከፍት ዜማው ይቀበልሃል። ሙዚቃው «ገብተሃል፣ አይዞህ» ይልሃል። በክረምት ዶፍ ተደብድበህ የቤትህን ደጃፍ እንደመርገጥ ነው።

ሳይንሱም በዚሁ ዙሪያ የሚለው አለ። በ2011 ሞንትሪያል የሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር ኒውሮሳይንስ ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ሰዎች የሚወዱትን ሙዚቃ ሰምተው ሰውነታቸው ሲወርራቸው አንጎላቸው ዶፓሚን የተባለውን ከደስታ ስሜት ጋር የሚያያዝ ኬሚካል እንደሚያመነጭ አሳዩ። ለእኔ ትልቁ ነጥብ ሁለተኛው ግኝታቸው ነው። ዶፓሚኑ የሚመነጨው ያ ጣፋጭ ቦታ ሲመጣ ብቻ አይደለም፤ «አሁን ሊመጣ ነው» እያሉ ሲጠብቁትም፣ በሌላ የአንጎል ክፍል፣ ይመነጫል። ጌም ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጠበቅ ነው።

አሁን ስለ ድግግሞሽ ላውራ። እዚህ ላይ የራሴ ታሪክ አለኝ።

ልጅ ሆኜ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ አንድ የቻይና የቲቪ ጌም ይዞ መጣ። ካርትሪጅ የሚሰካበት ዓይነት። ማርዮ ነበረበት። እናቴ ቡና ስትቆላ እኛ ከጎኗ ጉልበታችንን ታቅፈን እንጫወታለን። «ኧረ ይሄን ጭርጭርታ ዝጉልኝ!» ትለን ነበር በየቀኑ። አንድ ቀን መብራት የለም። ጌሙ ተዘግቷል። እናቴ ረከቦቱን እያስተካከለች ከአፍንጫዋ አንድ ነገር ታንጎራጉራለች። ጆሮዬን ሰጠሁ። ማርዮ ነው! ጆይስቲክ በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ አንድም ሳትስት። ስንነግራት ደነገጠች። «ምን ላድርግ፣ አስለመዳችሁኝ» አለች።

ያንን ዜማ የሠራው ይኸው ኮጂ ኮንዶ ነው፣ በ1985። ማርዮ የወጣበት የኒንቴንዶ ማሽን የድምፅ ክፍል የነበረው አምስት መስመር ብቻ ነበር። ሁለቱ ለዜማ፣ አንዱ ለወፍራሙ ድምፅ፣ አንዱ ጫጫታ ብቻ የሚያወጣ፣ አንዱ ደግሞ ለተቀረፀ አጭር ድምፅ። ሜሞሪውም ጠባብ ስለሆነ ረጅም ሙዚቃ አይችልም። ስለዚህ አጭር ዜማ ሠርቶ ማዞር ግድ ነው። አንድ ዜማ ሺህ ጊዜ ሲዞር ሰው እንዳይሰለቸው ማድረግ ግን ቀላል ሙያ አይደለም። አብዛኛው ዘፈን በአሥረኛው ይሰለቻል። የማርዮ አልሰለቸም። በላዩ ደግሞ የስፔስ ኢንቬደርስን ብልሃት ጨመረበት፦ ሰዓቱ ወደ 100 ሲወርድ ማስጠንቀቂያ ይጮህና ያው ዜማ ሩጫ ይሆናል። በ2023 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ከሚያስቀምጣቸው ቅጂዎች ጋር መዝግቦታል፤ ከጌም ሙዚቃ የመጀመሪያው ነው።

ዛሬ ያ ዜማ የአንድ ሰው ስልክ ላይ ሲጠራ ብሰማ ማርዮ አይታየኝም። የቡና ጭስ ነው የሚሸተኝ። ጌም ሙዚቃ ከሌላው ሙዚቃ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዘፈን ሰምተህ ታስታውሳለህ፤ የጌም ሙዚቃ ግን እየሠራህ የገባብህ ነው። ወድቀህ፣ ተነስተህ፣ ወንድምህን ጆይስቲክ ነጥቀህ፣ አልቅሰህ። እጅህ ያደረገውን ሁሉ ዜማው ይዞ ይቀመጣል።

ይሄን በደንብ የተረዳሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ስልኬ ሰዓት መመልከቻ ሆኖ ቀረ። አንድ ወዳጄ ፍላሽ ላይ የነበረ ኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮ ጌም ስልክ ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም፣ እና ጥቂት የድሮ ጌሞች ጫነልኝ። ማታ ማታ በር በጊዜ ይዘጋል። መንገዱ ጭር ይላል። ኢርፎን ሰክቼ ፋይናል ፋንታሲ 7 ጀመርኩ። የ1997 ጌም ነው፣ ሙዚቃው የኖቡኦ ኡዬማትሱ። ሥዕሉ ዛሬ ሲያዩት ያስቃል፤ ሰዎቹ በሳጥን የተሠሩ ነው የሚመስሉት።

ታሪኩን ብነግራችሁ ይቅርታ፣ ከወጣ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኤሪስ የምትባል አበባ ሻጭ ልጅ አለች። አብራህ ትሄዳለች፣ ትዋጋለች፣ ታድንሃለች። ጌሙ ገና ሳያልቅ ትገደላለች። ስትወድቅ የእሷ ዜማ ይጀምራል፤ ረጋ ያለ፣ በጥቂት ድምፅ። ወዲያው አውሬ ይመጣና ውጊያ ይከፈታል። በሌላ ጊዜ ውጊያ ሲከፈት የውጊያ ሙዚቃ ያናውጥሃል። ይሄኛው ላይ ግን ሙዚቃው አልተለወጠም። የእሷ ዜማ ቀጠለ። አንተ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሰይፍ ትመዛለህ፣ ዜማው ግን ስለ ውጊያው ደንታ የለውም።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ለቅሶ ቤት ነው ትዝ ያለኝ። ሙሾ አውራጇ መሐል ቆማ ታወርዳለች። በጓሮ በኩል ደግሞ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ውሃ ይቀዳል። ሥራው አይቆምም፣ ሙሾውም አይቆምም። ንፍሮ የሚያማስለው ሰው እንባው እየወረደ ያማስላል። ኡዬማትሱና ጓደኞቹ ያደረጉት ይሄንኑ ነው፦ እጅህን ሥራ አስያዙት፣ ሆድህን ደግሞ ለለቅሶው ተዉት። ድምፁን ዜሮ ላይ አድርጌ ያንኑ ቦታ በሌላ ቀን ደግሜ ሞከርኩት። ሳጥን የሚመስሉ ሰዎች ከአንድ አውሬ ጋር ይደባደባሉ። በቃ።

ጆሮ ከዓይን ይልቅ ቶሎ እንደሚያምን ያወቅሁበት ሌላም አጋጣሚ አለ። ደስ አይልም፣ ግን ልጻፈው። በዚያው ሰሞን ያው ጌም ቤት ሁለተኛው ቴሌቪዥን ላይ የተኩስ ጌም ይጫወታሉ። አንዱ ልጅ ሪሞቱን አግኝቶ ድምፁን ከፈተው። ሁለት ተኩስ ብቻ ነው የተሰማው። ውጭ በቆሎ ጥብስ የምትሸጠው ሴት ምጣዷን ጥላ ወደ ግድግዳው ተለጠፈች። አግዳሚው ላይ የነበሩት ልጆችም ጎንበስ ብለዋል፤ ስክሪኑ ከፊታቸው ነው፣ ጌም እንደሆነ እያዩ ነው። ማንም አልሳቀም። ባለቤቱ ሪሞቱን ኪሱ ውስጥ ማስቀመጥ የጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ እንደሆነ በኋላ ነው የነገረኝ። ስለ ጎረቤትና ስለ ኮሜንታተር የነገረኝ ሁሉ ውሸት አልነበረም። ሙሉው ግን ይሄ ነው። ሥዕሉ ለወራት ሲተኮስ የከለከለው የለም።

ስለ ዝምታም አንድ ነገር ልበል። ማይንክራፍት የሚባለውን ጌም ሙዚቃ መጀመሪያ የሠራው ዳንኤል ሮዘንፌልድ ነው፣ በሙያ ስሙ ሲ418። ከሙዚቃው ይልቅ ዝምታው ይበዛል። ድንጋይ ትቆፍራለህ፣ ቤት ትሠራለህ፣ የሚሰማው እግርህና ነፋሱ ነው። ረጅም ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሳታስበው ፒያኖ ይጀምራል፤ ደግሞ ሳትጠግበው ይጠፋል። የጮቄን ጥግ በእግሩ የሄደ ሰው ይገባዋል። ሸለቆውን ስትወርድ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ዋሽንት ይሰማል። ቆመህ ታዳምጣለህ። ነፋሱ ሲዞር ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ ቢነፋ ኖሮ ማን ይቆምለታል?

ከዋሽንት ከተነሳን ወደ ልጁ እንሂድ።

ከቢቡኝ በኩል የመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል። በየሳምንቱ ስንቁን ሊያመጣ አገር ቤት ይሄዳል። እስከ አምና ከብት ጠባቂ ነበር። ጌም ቤቱ ውስጥ አግዳሚው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሌሎቹ ሲጫወቱ ያያል። ዋሽንት ይነፋል ብለው ጓደኞቹ ነገሩኝ። አንድ ጠዋት ቤቱ ባዶ ነበር። የአንድ ሰዓት ከፈልኩለትና ባለቤቱን ለመንኩት። ሪሞቱ ከኪስ ወጣ። ጎስት ኦፍ ሱሺማን ከፈትንለት።

ይሄ ጌም በ2020 የወጣ ነው። ሱሺማ በምትባል የጃፓን ደሴት ላይ ሞንጎሎችን ስለሚዋጋ ሳሙራይ ነው። ሙዚቃውን የሠሩት ኢላን ኤሽኬሪና ሺገሩ ኡሜባያሺ ናቸው። የምትሄድበትን የሚያሳይህ ነፋስ ነው፤ ሳሩ ወደተኛበት ትከተላለህ። ሳሙራዩ ደግሞ ዋሽንት አለው። አውጥቶ ሲነፋ እንደ ዜማው የአየሩ ጠባይ ይለወጣል። አንዱ ዝናብ ይጠራል፣ ሌላው ያጠራዋል።

የጃፓኑ ዋሽንት ሻኩሃቺ ይባላል። ከቀርከሃ ይሠራል፤ እንጅባራ ቢሆን ኖሮ ሞልቶለት ነበር። ከፊት አራት፣ ከኋላ አንድ ቀዳዳ አለው። የኛም ብዙውን ጊዜ ባለ አራት ቀዳዳ ነው። ሁለቱም ከጫፍ በኩል ይነፋሉ፤ ከንፈርህ ካላወቀበት ፉ ከማለት በቀር ድምፅ አይሰጡህም። ዝምድናው በዚህ አያበቃም። አምባሰልን ፒያኖ ላይ ብታስቀምጡትና ሚያኮ ቡሺ የሚባለውን የጃፓን ቅኝት ከጎኑ ብታስቀምጡት አምስቱም ድምፆች አንድ ቦታ ላይ ያርፋሉ። ከየት ተገናኙ የሚለውን ለባለሙያ እተዋለሁ። እኔን የገረመኝ ውጤቱ ነው። የጌም ሙዚቃን መሠረት በብዛት የጣሉት ጃፓኖች ናቸው። ጎጃሜ ጆሮ እነሱን ለመስማት ብዙ መንገድ መሄድ የለበትም። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ በ2021 አትሌቶች ስታዲየም ሲገቡ ያጀባቸው የጃፓን ጌሞች ሙዚቃ ነበር። የኢትዮጵያም ባንዲራ በዚያው ሙዚቃ ነው የገባው። ስንቶቻችን ልብ አልነው?

«ታዲያ የኛ ዋሽንትስ?» የሚል ጥያቄ ማምጣቱ አይቀርም። ክሪስቶፈር ቲን የተባለ አሜሪካዊ በ2005 ለወጣ ሲቪላይዜሽን 4 ለተባለ ጌም አባታችን ሆይን በስዋሂሊ አቀናበረው። ባባ የቱ ይባላል። በ2011 ግራሚ አሸነፈ፤ ለጌም ከተሠራ ሙዚቃ የመጀመሪያው። ስዋሂሊ እዚህ ከደረሰ ግዕዝ የማይደርስበት ምክንያት የለም። ግን ቀስ ማለትም ያስፈልጋል። በ2008 ሶኒ ሊትል ቢግ ፕላኔት የተባለውን ጌም ሊያወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው አዘገየው። ውስጡ ከነበሩት ሙዚቃዎች አንዱ፣ ኮራ የተባለው የክር መሣሪያ ሊቅ የማሊው የቱማኒ ዲያባቴ ሥራ፣ የቁርኣን ቃል ነበረበት። ቅር ያላቸው ሙስሊሞች ነበሩ፣ ኩባንያው ሰማ። ነገ አንዱ የውጭ ድርጅት የሕማማትን ዜማ አውርዶ ሰው የሚታረድበት ጌም ላይ ቢለጥፈው ማርቆስ ውስጥ ምን እንደሚባል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። በገናም እንደዚያው። ዋሽንት ግን የእረኛ ነው፤ ሜዳ ላይ ተወልዷል፣ ሜዳ ባለበት ጌም ሁሉ ይገባል። ቀረርቶና ፉከራስ? ለውጊያ ጌም ከዚያ የተሻለ ምን አለ?

አገር ውስጥ የሚሞክሩ አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የምትባል፣ ወጥ ላለመሆን የምትሮጥ ዶሮ ያለችበት የስልክ ጌም ሠርቷል። ስሙን ወድጄዋለሁ። የዋሸራና የጎንጅ አገር ሰው ቅኔ የሚል ስም አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። በላዩ ላይ ጀግናው ይፎክራል፣ ከሥር ማሲንቆው እየተከፋ ይሄዳል። ተጫዋቹ የቱን ይመን?

ወደ ጌም ቤቱ ልመለስ። ልጁ ጆይስቲኩን ሲይዝ መጀመሪያ እንደ ትኩስ ድንች ነው የያዘው። ፈረሱን ገደል ከተተው። ደግሞ ተነሳ። ከዚያ ዋሽንቱን የምታስነፋውን ቁልፍ አሳየሁት። ሳሙራዩ ኮረብታ ላይ ቆሞ መንፋት ጀመረ። ሳሩ ይተኛል፣ ደመናው ይሄዳል። ልጁ ቁልፍ መጫኑን ተወ። ሲያልቅ እንደገና አስነፋው። ደግሞ አስነፋው። ጣቶቹ ጆይስቲኩ ላይ ቀዳዳ የሚደፍኑ ይመስል ይንቀሳቀሳሉ።

ኳስ ሊጫወቱ ሁለት ልጆች ገቡ። ቆመው አዩት። ባለቤቱ ተጠጋና «ይሄ ልጅ ለምን አይጫወትም? ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው» አለኝ።

ልጁ ዞር አለ። የተከፋ አይመስልም፣ ግራ የገባው ነው።

«አያ» አለኝ፣ «ደህና ይነፋል። ከብቶቹ ግን የታሉ?»